ለማይመዝን ሰው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

«ድመቷ ከሞተች የገደልሻት አንቺ ነሽ። አከራይሽም ዛሬውኑ ይሰማል» ሲል የሰማሁት የገዛ ወንድሜን ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር። እኔ ሻዬን ይዤ በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ፤ ቤታችን በረጃጅም የእንጨት ቋሚዎች ላይ የተሠራ የድሮ ቤት ስለሆነ፣ ፈለግሁም አልፈለግሁም የጎረቤት ጓሮ ከእግሬ ሥር ነው። ክላይቭ በፒጃማ ሱሪና በሥራ ቦት ጫማ አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል፤ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ከማዶ ሉሲያኔ አለች። የቶንጋ ሴት ናት፤ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር ቤቱን ከተከራየች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በአንድ እጇ የልጅ ካልሲ፣ በሌላው የምሳ ዕቃ ክዳን ይዛለች። ሦስቱ ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው ከጓሮው በር ደጃፍ ተደርድረው ያያሉ። «ጋሼ ክላይቭ፣ ምን አደረግሁ?» አለች። «ትናንት እዚያ ሰላጣሽ ላይ ስትበትኚ አይቼሻለሁ። የቀንድ አውጣ መርዝ ነው። ድመቴ ይኸው እየተንቀጠቀጠች ነው» አላት። ዞር ብላ ልጆቿን አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ቤት አስገባቻቸውና በሩን ዘጋች። መጀመሪያ ድመቷን ልያት ብዬ ደረጃውን ወረድኩ።

ክላይቭ የሚኖረው ከኔ ወለል ሥር ነው። ሚስቱ ቤሪል ከሞተች አራት ዓመት ሆናት፤ ያን ጊዜ አልጋውን፣ ሬዲዮኑንና የእሷን ድመት ይዞ መጣና ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል ያዘ። ስለ ቤሪል አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም፤ እኔም አላነሳበትም። ጠዋት ጠዋት ግን በወለሉ ስንጥቅ ድምፁ ይሰማኛል። «ቲሊ፣ ዛሬ ዓሣ የለም፣ ዶሮ ነው፤ እንግዲህ ቻይው» እያለ ድመቷን ያዋራታል። እኔን በሳምንት የማያናግረኝን ያህል እሷን በአንድ ጠዋት ያናግራታል። አሁን ቲሊ አልጋው ሥር ከግድግዳው ጋር ተጣብቃለች። ጆሮዋ ይርገበገባል፤ የጀርባዋ ቆዳ በራሱ ይላወሳል፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ሲነሳ ብድግ ብላ ዘለለችና በጎኗ ወደቀች። ክላይቭ በጉልበቱ ተንበርክኮ ጎትቶ አወጣትና በቤሪል ሹራብ ጠቀለላት። ሹራቡን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ልብሷን ሁሉ ለበጎ አድራጎት ሱቅ የሰጠነው መስሎኝ ነበር። «መኪናውን አስነሺ» አለኝ፤ አስነሳሁ።

እዚህ በምንኖርባት በዊነም፣ የባሕሩ ዳር፣ ጥቅምት ከገባ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መዥገር ነው። የኛ አገር መዥገር ደም መጦ የሚሄድ ዓይነት አይደለም፤ ውሻን በሦስት ቀን ውስጥ የኋላ እግሩን ያስረዋል፣ ቀጥሎ ትንፋሹን። ካቻምና ከኛ መንገድ ብቻ ሁለት ውሾች ሄደዋል። ስለዚህ ከእራት በኋላ ውሻዬን ባንጆን መብራት ሥር አስተኝተን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ፀጉሩን በጣታችን እንፈትሻለን፣ በየወሩም መድኃኒት ጀርባው ላይ እናንጠባጥባለን። በዚህ ጉዳይ ክላይቭ ራሱን ሊቅ አድርጎ ነው የሚቆጥረው፣ ምክንያትም አለው። ወደ ሰሜን ባለው የከብት አገር ሠላሳ አንድ ዓመት የመዥገር መንከሪያ ገንዳ ኃላፊ ነበር፤ መድኃኒቱን በውኃው ልክ እየቀመመ ከብቱን በገንዳው ያሳልፍ ነበር። «አርባ ሺህ ከብት አሳልፌአለሁ፤ በኔ እጅ አንዲት ጥጃ አልሞተችም» ይላል። የሥጋ ፓይ ሲበላ ይላል፣ ጫማ ሲያስር ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው ይላል።

እንግዲህ በየጸደዩ እኔ አንድ የትልቅ ውሻ መድኃኒት ካርቶን እገዛለሁ፣ እሱ ያካፍለዋል። ባንጆ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ነው፣ ቲሊ አራት ኪሎ፤ የውሻው ስምንተኛ እጅ የእሷ ነው። በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝናታል፣ በስሪንጅ ይስባል፣ ማጅራቷ ላይ ያንጠባጥብላታል። ከዚያ ገንዳው ላይ እንደለመደው ቀኑንና መጠኑን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በእርሳስ ይጽፋል። በዚህች መንገድ የሚኖሩ ጡረተኞች ግማሾቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ለድመት ለብቻው መግዛት ቅንጦት ይመስለናል። አራት ዓመት ምንም አልሆነችም። ትናንት ከእራት በኋላም አደረግነው፤ ድመቷን በፎጣ ጠቅልዬ የያዝኳት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ተለይቷል። ሁልጊዜ የምንገዛው ሰማያዊ ካርቶን መደርደሪያው ላይ አልነበረም፤ ቀዩን ገዛሁ። ዋጋው በዘጠኝ ዶላር ያንሳል፣ ለመዥገርም የበለጠ ይሠራል አለችኝ ሻጯ። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ለውሻ ነው» አልኳት። ለውሻም ነበር።

ክሊኒኩ ከባቡር ማቋረጫው ማዶ ነው። ሰኞ ስለሆነ መጠበቂያው ሞልቷል፤ አንዲት ሴት እግሩ የተጠቀለለ ቡችላ ታቅፋለች፣ አንድ ሽማግሌ ባዶ የውሻ ማሰሪያ ይዞ ብቻውን ተቀምጧል። ድመቷን ገና ከሹራቡ ገለጥ አድርጋ ስታያት የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ከሁሉም አስቀድማ አስገባችልን። ክላይቭ ግን በር ላይ ቀረት ብሎ ስልኩን አወጣ። የጎረቤታችንን ቤት ለሚያከራየው ቢሮ ነበር የደወለው። «ተከራያችሁ መርዝ በግቢው ትበትናለች። የእንስሳ ነፍስ ልትጠፋ ነው። አዎ፣ ስሜን ጻፉት፣ አያሳፍረኝም» ሲል ሰማሁት። እጄን ክንዱ ላይ አሳረፍኩ፣ ነጠቀኝ። ሉሲያኔ በሽማግሌዎች መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ነው የምትሠራው፤ ያንን ቤት ለማግኘት ሰባት ወር ፈልገዋል፤ አንድ ጊዜ አጥር ላይ ነግራኛለች።

ሐኪሟ ዶክተር ሁይን ትባላለች። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ቲሊን የብረቱ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ የዓይኗን ብሌን በመብራት አየች፣ ሙቀቷን ለካች፣ የእግሯን ፀጉር ላጭታ መርፌ አስገባች፤ እጇ ይህን ሲሠራ አፏ ይጠይቃል።

«ምን በልታ ሊሆን ይችላል?»

«የቀንድ አውጣ መርዝ» አለ ክላይቭ። «ጎረቤት በትናለች። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ያንቀጠቅጣል። ለቁንጫ ወይም ለመዥገር ያደረጋችሁላት ነገርስ? በነዚህ ሁለት ቀናት?»

«የተለመደውን ነዋ።»

«የተለመደው የቱ ነው፣ ጋሼ?»

«ሰማያዊው ካርቶን። አራት ዓመት ሙሉ።»

«ሰማያዊው ችግር የለውም» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ክው አልኩ። ወንድሜ ብዙ ነገር ነው፤ ግትር ነው፣ ጉረኛ ነው፣ ሲከፋው ሦስት ቀን ይዘጋል። ውሸታም ሆኖ ግን አላውቀውም። አየሁት፤ አላየኝም፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነበር የሚያየው። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ቀይ ነው ዶክተር፣ የገዛሁት እኔ ነኝ ማለት፤ ስድስት ቃል ቢሆን ነው። አፌን ግን ያዝኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ስለ ወንድሜ ብዬ ብቻ አልነበረም። ዘጠኙ ዶላር ትዝ አለኝ። ድመቷን አጥብቄ የያዝኩበት ፎጣ ትዝ አለኝ። ደግሞ ለራሴ ስምንተኛ እጅ ምን ታደርጋለች አልኩት፤ እሱ መዝኖ የለም ወይ፣ መዝኖ ተሳስቶ ያውቃል ወይ። በዚህ ዓይነት ራሴን እየደለልኩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የውሻ ጥርስ ሥዕል ሳነብ ቆየሁ።

መድኃኒቱ ሲገባ ቲሊ ለቀቅ አለች፤ ክላይቭም በረጅሙ ተነፈሰ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ እንደገና ጀመራት። አሁን ከጆሮዋ ሳይሆን ከመላ አካሏ ነበር፤ አንገቷ ወደ ኋላ ተቆለመመ፣ እግሮቿ እንጨት ሆኑ፣ ከአፏ አረፋ ወጣ። ሐኪሟ ሁለተኛ መርፌ ጨመረች። «የሚገርመኝ» አለች፣ «የቀንድ አውጣው መርዝ ብዙውን ጊዜ ቀለም አለው፤ በትውከቷ ወይም በአፏ ዙሪያ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነገር ማየት ነበረብኝ። ምንም የለም። ሳረጋጋት ይመለስባታል፤ መርዙ አሁንም ከአንድ ቦታ እየገባባት ነው የሚመስለው። የቀንድ አውጣ መርዝ ሁለት ዓይነት ነው፣ ማርከሻቸውም ይለያያል። የመርዙን ካርቶን ካላየሁት በጭፍን ነው የምሄደው። እትዬ ኖሪን፣ ጎረቤትዎን ጠይቀው ሊያመጡልኝ ይችላሉ? ቶሎ ቢሆን።» ክላይቭ «እኔ እሄዳለሁ» አለ። «አንተ አትሄድም» አልኩት። ቁልፉን ወስጄ ወጣሁ።

ሉሲያኔ በሩን ስትከፍት የሌሊት ልብሷን ለብሳ ነበር፤ ገና ልትተኛ መሆኑ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ «የቀንድ አውጣውን መርዝ ካርቶን ስጪኝ፣ ሐኪሟ ፈልጋዋለች» አልኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ «ይምጡ» አለችኝና በቤቱ ጎን ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ሰላጣው፣ ጎደሬው፣ በገመድ የተወጠረው ባቄላ፣ ከነሱ ኋላ ደግሞ በሽቦ የታጠሩ አምስት ቀያይ ዶሮዎች። ሰላጣው ሥር አጎንብሳ በጣቷ ዘግና አሳየችኝ፤ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትና ቡናማ ፍሬ ፍሬ ነገር። «የዶሮ ኩስ ነው፤ ተጨምቆ በከረጢት የሚሸጠው። የልጆቼ ዶሮዎች ከሰዓት በኋላ እዚህ ነው የሚለቀቁት። ዶሮ እያለኝ መርዝ እበትናለሁ፣ እትዬ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ገብታ ከረጢቱን እንዳለ አመጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ቢሆንም ይውሰዱት። ሐኪሟ በዓይኗ ትየው። ድመቷ ትረፍ እንጂ።» ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ፤ አውጥታ አየችው፣ ደጋግማ አነበበችው፣ መልሳ ከተተችው። ከማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ፊቷ ነግሮኛል።

ከዚያ በኋላ ራሴን መደለል አቃተኝ። አጥሩን ዞሬ በቀጥታ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ። ሚዛኑ በልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ እንዳለ ነው፤ ስሪንጁ ታጥቦ በብርጭቆ ውስጥ ቆሟል፤ የቀን መቁጠሪያው ላይ በዚያ ቀጥ ባለ የመንግሥት ሥራ ጽሑፉ «ባንጆ፣ ሰባት እጅ። ቲሊ፣ አንድ እጅ» ተብሎ ተጽፏል። ካርቶኑን ከቆሻሻ መጣያው ከሻይ ቅጠል ሥር አወጣሁት። መነጽር እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ በካርቶኑ ጎን የድመት ሥዕል አለ፣ በሥዕሉ ላይ ወፍራም ቀይ መስመር ተሰምሯል። ከሥሩ ድመት ላይ ፈጽሞ እንዳይደረግ፣ ጠብታም ብትሆን እንደምትገድል፣ ከነካት ወዲያው በሳሙና ታጥባ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ይላል። ወዲያው ይላል። እኛ ከነካናት አሥራ አምስት ሰዓት አልፏል። ከዚያም ውስጥ ሁለቱን ሰዓት እኔ የውሻ ጥርስ ሳይ ነው ያሳለፍኩት።

ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ የተቀዳ ድምፅ ጥሪዬ አስፈላጊ መሆኑን ነገረኝ። ተነስቼ ነዳሁ። ከረጢቱ ከጎኔ፣ ካርቶኑ ጭኔ ላይ። ባቡር ማቋረጫው ጋ ስደርስ ደወሉ መጮህ ጀመረ፣ መንገዱን የሚዘጋው እንጨትም ከፊቴ ወረደ። ወደ ከተማ የሚሄደው ባቡር አለፈ። እንጨቱ አልተነሳም፤ ከወዲያ የሚመጣውን ይጠብቃል። ከኋላዬ ያለው ሰው ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ የፈረስ ውድድር ያዳምጣል። ድምፅ አውጥቼ «ትንሽ ጠብቂ፣ ትንሽ ብቻ» እላለሁ፤ ለድመቷ ይሁን ለቤሪል እንጃ። ቤሪል ሆስፒታል ተኝታ የመጨረሻ ጊዜ ስጠይቃት ስለ ባሏ አላወራችኝም፤ «ድመቷን እንዳይረሷት» ነበር ያለችኝ። ሁለተኛው ባቡር መጣ፣ አለፈ፣ እንጨቱ ተነሳ።

ስገባ ክላይቭ ከጠረጴዛው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቲሊን በአንድ ጣቱ ግንባሯ ላይ ይደባብሳታል። እንደገና ተይዛ ነበር፤ ሦስተኛ መርፌ ወስዳለች፤ ምላሷ በጎን ወጥቷል። ካርቶኑን ለሐኪሟ ዘረጋሁላት። «ሰማያዊ አይደለም» አልኳት፤ «ይኸኛው ነው። የገዛሁት እኔ ነኝ። ትናንት ማታ ማጅራቷ ላይ አድርገንላታል። ጎረቤታችን መርዝ የላትም፣ የዶሮ ኩስ ነው።» ሐኪሟ ካርቶኑን አንድ ጊዜ ብቻ አየችው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ እሷ ጊዜ አላባከነችም። «ሙቅ ውኃ ክፈቺ፣ የዕቃ ማጠቢያውን ሳሙና አምጪ፣ ፎጣ» ብላ ረዳቷን ጠራች፤ ቲሊንም ከነመርፌዋ አንስታ ወደ ገንዳው ወሰደቻት። ክላይቭ ተነሳ። «መዝኛለሁ» አለ። «ስምንተኛ እጅ ነው የሰጠኋት። በኪሎዋ ልክ።» ሐኪሟ የቲሊን ማጅራት በአረፋ እያሸች፣ ሳትዞር መለሰችለት። «በሚዛን አይደለም ጋሼ። ውሻም ከብትም ይህን መርዝ ጉበታቸው ይፈታዋል። የድመት ጉበት መፍቻው የለውም። ትንሹም ትንሽ አይሆንላትም።» ክላይቭ ኮፍያውን አነሳና ወጣ።

መኪናው ውስጥ አገኘሁት። ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የቤሪል ሹራብ ጉልበቱ ላይ ታጥፏል፣ አረፋ ነክቶታል። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ደሜ ፈላና «ሰማያዊ ነው ለምን አልክ?» አልኩት።

«ቀይ ብላት ስለ ሚዛኑ አትጠይቀኝም። ሥዕሉን ብቻ ነው የምታየው።»

«አይተኸዋል ማለት ነው። ሥዕሉን።»

«አይቼዋለሁ። መስመሩንም አይቻለሁ።» ሹራቡን አገላበጠው። «ለማይመዝን ሰው የተጻፈ ነው ብዬ ነው። እንደዚያ ዓይነት ጽሑፍ ገንዳው ላይም ነበር፤ በየበርሜሉ። የሚጻፈው በግምት ለሚያፈሱት ነው። እኔ በግምት አፍስሼ አላውቅም፣ ኖሪን።»

ልሰድበው ፈልጌ ነበር፣ ጠዋት ሙሉ ሳጠራቅም የዋልኩት ስድብ ነበረኝ። ግን እኔም ቀዩን የገዛሁ ነኝ፤ እኔም ዝም ያልኩ ነኝ። ይህንኑ ነገርኩት፣ አንዱንም ሳላስቀር። ሰምቶኝ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ጠዋት ስትንቀጠቀጥ ሳያት፣ መጀመሪያ የመጣልኝ መድኃኒቱ ነበር» አለኝ። «እንደሱ ከሆነ የቤሪልን ድመት በገዛ እጄ ነው አልኩ። ከዚያ ያቺ ሴትዮ ስትበትን ማየቴ ትዝ አለኝና ደስ አለኝ። ደስ ነው ያለኝ፤ ገባሽ?» ገብቶኛል። ስልኩን ከኪሱ አወጣና ለአከራዩ ቢሮ ደወለ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። «ጠዋት ስለ ጎረቤቴ የተናገርኩት ሐሰት ነው። አይደለም፣ ተሳስቼ አይደለም፤ ሐሰት ነው። ስሜን ጽፋችሁ ነበር፤ አሁንም ጻፉት» አለ። ከወዲያ በኩል ያለችው ልጅ ያስጨረሰችው አይመስለኝም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ዶክተር ሁይን ራሷ መጠበቂያው ድረስ መጣች። ሁለት ጊዜ አጥበዋታል፤ መንቀጥቀጡ ቀንሷል፣ አልቆመም፤ ሙቀቷ ወርዶ ስለነበር በብርድ ልብስ እያሞቋት ነው። ሌሊቱን ካለፈች ትተርፍ ይሆናል አለች፤ ይሆናል የሚለውን ቃል አጥብቃ ነው የተናገረችው። ጠዋት ቢታወቅ ኖሮ የሚለውን አላነሳችውም፤ እኛ ግን ሰምተነዋል። ባንጆን ለሦስት ቀን ከድመት አርቁ፣ ጀርባው ላይ ያለውን እንዳትልስ አለችን። «የድመት ለብቻው ይሸጣል» ብላ አንዲት ትንሽ ካርቶን አሳየችን። ክላይቭ ካርቶኗን ተቀብሎ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ጎን አነበባት። ስንወጣ ሹራቡን ለረዳቷ ሰጣት። «ከሷ ጋር ይደር» አለ።

መንገዳችን ላይ ስንደርስ መኪናውን ከቤታችን ፊት አላቆምኩትም፤ «እዚህ አቁሚ» አለኝ ከሉሲያኔ በር ፊት። በዚያ በር ገብቶ አያውቅም፤ ከነሱ ጋር የሚነጋገረው ሁልጊዜ በአጥር ላይ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ደረጃውን ወጣ፣ አንኳኳ። እኔ ሦስት እርምጃ ከኋላው ቆምኩ። ሉሲያኔ ከፈተች፤ አሁን የሥራ ልብሷን ለብሳለች። የተኛች አትመስልም።

«መርዙ የኔ ነበር» አላት። «አንቺ ምንም አላደረግሽም። እኔ ነኝ ያደረግኩባት። ለአከራይሽም ደውዬ ነግሬአለሁ።»

ስልኳን በእጇ ይዛለች፤ አልከፈተችውም። እኔ እንደ እሷ ብሆን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ በሩን ፊቱ ላይ እዘጋበት ነበር።

«ጠዋት ልጆቼ ሰምተዋል» አለች። «ትንሿ ትምህርት ቤት እስክትደርስ እማማ ድመት ገደለች ወይ እያለች አልቅሳለች። ለነሱም ይንገሩልኝ።»

ወደ ውስጥ ተጣራች። ሦስቱም መጡ፤ ዩኒፎርማቸውን ገና አላወለቁም፤ ትልቁ ዳቦ በእጁ ይዟል። በዕድሜያቸው ተራ ተሰልፈው ቆሙ፤ ጠዋት ከጓሮው በር ደጃፍ እንደቆሙት። ወንድሜ ኮፍያውን በሁለት እጁ ያዘ። አርባ ሺህ ከብት ያሳለፈው ሰውዬ ሦስት ልጆች ፊት ቀረበ። «እናታችሁ ድመቴን አልነካቻትም» አላቸው። «መድኃኒት የሰጠኋት እኔ ነኝ። ድመት ላይ አታድርግ ተብሎ ተጽፎ ነበር። አንብቤ ነው ያደረግሁት።»

ልጆቹ እናታቸውን አዩ፣ እሱን አዩ። ትልቁ ዳቦውን ወደ አፉ ሳያደርስ ቆመ። ትንሿ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ አንገቷን አወጣች።

«ትድናለች?» አለችው።

ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ክላይቭን አንድ ነገር ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው አላውቅም። ስለ ዝናብ ጠይቁት፣ ስለ ሞተር፣ ስለ ላም ሆድ፤ ያለው ይናገራል፣ የሌለውን ይጨምርበታል። አሁን ግን እዚያው በረንዳ ላይ ወረደና ልጅቷ ፊት ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት።

«አላውቅም፣ እናቴ» አላት። «አላውቅም።»